ያልበላሁት ኬክ ባቄላ

የስፔኖች በዓል አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ሁለት ዶላር አስወጥቶኛል። የገና ዋዜማ ሽያጭ አልተደመረም፤ እሱን ከደመርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩ የተጀመረው በ2021 ዲሴምበር ነው። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገችው ልጄ፣ ኒው አልባኒ በኮንትራት ከሚሠራ የባርሴሎና መሐንዲስ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመት አልፏታል። የኮቪድ የበረራ ክልከላ ሲነሳ እናቱ በዓሉን ልታሳልፍ መጣች። ልጄ ሱቄ ድረስ መጥታ የበርበሬው ጆንያ አጠገብ ቆመች።

"ዳድ፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ፕሊስ፣ አትቀልድባቸው።"

"እኔ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?"

"ኦ ማይ ጋድ" ብላ ወጣች።

ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ካስቀየምኳት ተነስታ እንደምትሄድብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አፌን ልይዝ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ቀን የፈረንጆች ገና ዋዜማ ነበር። ቤክስሊ አፓርታማቸው ስገባ ሳሎኑ መሀል አንድ ግንድ ተጋድሟል። ዓይንና አፍ ተስሎለታል፤ ቀይ ቆብ ደፍቷል። የለበሰው ጋቢ የኔ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብርቱካን ሲያቀርቡለት ሰንብተዋል። ከዚያ የሠላሳ ዓመት መሐንዲስና ማስተርስ ያላት ልጄ ዱላ ይዘው እየዘፈኑ ግንዱን ይወግሩት ጀመር።

"ዘፈኑ ምንድን ነው የሚለው?"

"ስጦታ እራ" አለችኝ ፊቷን አዙራ።

ጋቢው ሲገለጥ ስጦታው ከሥር ነበር። መርካቶ ነው ያደግኩት፤ በዱላ ዕቃ ሲወጣ ያየሁት ከሌባ ላይ ብቻ ነው። ለእኔ የወጣልኝ ቀይ የውስጥ ሱሪ ነው። አዲስ ዓመት ሲገባ ከለበሱት ዕድል ያመጣል፣ ግን ሰው ሲሰጥህ እንጂ ራስህ ስትገዛው አይሠራም አሉኝ። ይህን ሕግ ያወጣው ሱሪ ሻጭ መሆን አለበት። በልቤ አደነቅኩት።

ሁለተኛው የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የወይን ቀን ነው። ወይኑን ግዛ ተባልኩ፤ ለዕድል በአሥራ ሁለት የደወል ምት አሥራ ሁለት ፍሬ ይዋጣል። ርካሹንና ትልልቁን መርጬ ገዛሁ። ስፔን እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ገና መምሸቱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት። የስፔኑ ደወል በስልክ መምታት ሲጀምር ነው የገዛሁት ወይን ውስጡ ዘር እንዳለበት የገባኝ። ሴትዮዋ፣ የመሐንዲሱ እናት፣ አምስተኛው ላይ ታነቀች። መሐንዲሱ ጀርባዋን ይደበድባል፣ እሷ እያለቀሰች መዋጧን አላቆመችም። ዕድል በዚህ ዓይነት የሚመጣ ከሆነ ባይመጣስ?

ሦስተኛው ቀን ጃንዋሪ ስድስት፣ ለእነሱ የሰብአ ሰገል ነገሥታት በዓል፣ ለእኛ የገና ዋዜማ። የዓመቱ ትልቁ ገበያዬ ነው። ቅቤና ዶሮ ሊገዛ የተሰለፈውን ሕዝብ ለባለቤቴ ጥዬ ሄድኩ። እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ትልቅ ኬክ ቀረበ። ውስጡ ትንሽ የንጉሥ ምስልና አንድ ደረቅ ባቄላ ተደብቀዋል። ንጉሡን ያገኘ የወረቀት ዘውድ ይደፋል፤ ባቄላውን ያገኘ የኬክ ይከፍላል። እኔ ጾመኛ ነኝ። አርባ ምናምን ቀን ጾሜ በመጨረሻዋ ምሽት ለክሬም ልሸነፍ? ድርሻዬን ለይሉኝታ ተቀብዬ ፊቴ አስቀመጥኩት። ያልበላ አይከፍልም ብዬ ደግሞ ተዝናንቻለሁ።

መሐንዲሱ ዘውዱን ደፋ። የሁሉም ሳህን ባዶ ሆነ፤ ባቄላው የለም። ሁሉም ወደ እኔ ሳህን ዞሩ። ሴትዮዋ ቁራጬን በሹካ ሰነጠቀችና ባቄላውን አንስታ አጨበጨበች። ልጄ እየሳቀች ታስተረጉምልኝ ጀመር።

"የሚቀጥለው ዓመት ኬክ ያንተ ነው ትልሃለች። ባርሴሎና፣ እኛ..."

እዚያ ላይ ሳቋ ቆመ።

"እናንተ ምን?"

"ኮንትራቱ ማርች ላይ ያልቃል። ልነግርህ ነበር፣ ዳድ።"

ሦስት ቀን አፌን የያዝኩት ለካስ ለዚህ ነው። አርባ ዶላር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩ።

"የኬኩ ይኸው። እኔ ዱቤ አላሳድርም።"

ሴትዮዋ ብሩን ወደ እኔ ገፋችው። ዘንድሮ አይከፈልም፤ ሕጉ ነው። ልጄ እጄን ይዛ፣ ከስንት ጊዜዋ በአማርኛ፣ "ይቆይ አባዬ" አለች። "እንድትመጣ ነው።"

አርባ ዶላሬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ባቄላውንም።

ማርች ላይ ሄዱ። ጋቢዬንም ወሰዱት፤ ለግንዱ። ባለፈው ሳምንት የባርሴሎና ቲኬት ቆረጥኩ፤ ገንዘቡ ተመላሽ አይሆንም። ባለቤቴ ሱቁን ትይዛለች። "የገና ዋዜማ? ለኬክ? ያውም እየጾምክ?" አለችኝ።

ቲኬት፣ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ። ወይን፣ አሥራ ሁለት። ገቢ፣ አንድ ባቄላ።