ቡላ ፍለጋ ወደ አጋሮ

ዓርብ ጠዋት፣ ከጅማ መነሻ

በጥር ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ከጅማ ወደ አጋሮ የተነሣሁት አንድ ጣሳ ቀለም ፍለጋ ነው። ነገሩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ከግድግዳው ልጀምር።

ጓደኛዬ ሽፈራው በእኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። የፊታችን እሑድ ሙሽራ ነው፤ እኔ ደግሞ አንደኛ ሚዜው ነኝ። ቦሳ ኪቶ በሚባለው ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ እጮኛውን አስቴርን "ለሠርግሽ ምን ላድርግልሽ?" ቢላት፣ ወርቅም ጥልፍ ቀሚስም አልጠየቀችውም። አስቴር ነርስ ናት። "የምሠራበት አረንጓዴ፣ የተማርኩበትም አረንጓዴ። የአባቴ ቤት ደግሞ በጭስ ጠቁሯል። ለእኔ ብርሃን ያለው፣ ግን ዓይን የማይወጋ ነጭ ክፍል ቀባልኝ። አራቱም ግድግዳ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሌላ ምንም አልልህም" አለችው።

ሽፈራው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ "ክሬም" የሚባል አንድ ሞቅ ያለ ነጭ ቀለም አገኘና አቶ ሸምሱ የሚባሉ ቀለም ቀቢ ሥራውን ያዙ። አቶ ሸምሱ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ጅማ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው። በበሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ሁልጊዜ መጨረሻ ይቀባሉ። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና ትኩስ ይሁን ይላሉ። ታዲያ ሦስቱ ግድግዳዎች አምረው ሲያልቁ ቀለሙም አብሮ አለቀ። የቀረው ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ የሚሰቀልበት ዋናው ግድግዳ ነው።

የዚያ ፋብሪካ ቀለም ከጅማ ሱቆች ጠፋ። የሌሎች ፋብሪካዎች ነበር፤ ጣሳው ላይም ያው "ክሬም" ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፦ ስሙ አንድ መሆኑ ቀለሙን አንድ አያደርገውም። የአንዱ ክሬም እንደ ቅቤ ቢጫ ነው፤ የሌላው ወደ ሮዝ ይሄዳል። ሁለቱንም ካርቶን ላይ ቀብተን ከግድግዳው አጠገብ ብንይዛቸው ሽፈራው ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ።

"ምን ሆነሃል? ሰው የሞተብህ ትመስላለህ!" አሉት አቶ ሸምሱ። "አጋሮ የአቶ በላይነህ ሱቅ ነጩም አለ፣ ማቅለሚያውም አለ። ቡላ በሏቸው፤ በጥብጠው ይሰጧችኋል። እኔ እንዳልሄድ ነገ ጁምዓ ነው። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ግን ብሩሼን ይዤ እዚህ ነኝ፣ ኢንሻአላህ።"

ሽፈራውን የሠርግ ጣጣ ስለያዘው እኔ ተላክሁ። "ቡላ" የሚለውን የቀለም ቀቢዎች የሙያ ቃል መስሎኝ በደስታ ያዝሁት። የግድግዳው ቀለም የተቀባበትን ካርቶንም አቧራ እንዳይነካው በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

በከማል መኪና

የተሳፈርሁበት የጭነት መኪና ቡና ሊያመጣ ባዶ ጆንያ ይዞ የሚሄድ ነው። ሾፌሩ ከማል የጅማ ልጅ ነው፤ አማርኛውን በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛውን በሳቅ እየቀላቀለ ያወራል። የጉዞዬን ምክንያት ስነግረው መሪውን በእጁ መታ።

"ለአንድ ግድግዳ አጋሮ ድረስ? ያን ሁሉ ተማሪ ይዘህ! ኖራ አስይዘህ ግድግዳው ላይ አትለቃቸውም ነበር?"

"ኖራ ዓይን ይወጋል። እሷ የጠየቀችው . . ."

"ዛሬ በግድግዳ እንዲህ ከሆነች፣ ወላሂ ነገ በወጥ ጓደኛህ አለቀለት!"

መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከኋላችን ቀይ አቧራ እንደ ግንብ ይቆማል። የቡ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ስንቃረብ ግራና ቀኙ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ቡና ነው። ለቀማው ሊያልቅ ተቃርቧል። በየግቢው ደጅ ሰሌን ላይ የተሰጣው ቡና ከቀይ ወደ ጥቁር እየተለወጠ፣ ሽታው እንደ ፈላ ጠላ ጥንስስ መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። የቡ ላይ ቆመን በስሙኒ ዳቦና ማር በላን። ማሩን ያቀረቡልን እናት አቧራ የለበሰ ፊቴን አይተው ለከማል በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሩት። ተርጉምልኝ ስለው "አስተማሪውን ከነጆንያው አራግፈው አሉኝ" አለ።

አጋሮ

አጋሮ የገበያ ቀን ነበር። የአቶ በላይነህ ሱቅ ውስጡ በሙሉ ሰማያዊ ነው። ባለቤቱ ጎጃሜ ናቸው፤ ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ድምፃቸው ግን የጎረምሳ ነው። እኔም ስለ ፋብሪካዎቹ ልዩነት፣ ስለ ቢጫውና ስለ ሮዙ፣ ስለ ሙሽራይቱ ጥያቄ በቅደም ተከተል ላስረዳቸው ጀመርሁ። ገና ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሳለሁ እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ ስብከቱን ተወውና ስሙን ንገረኝ።"

"ቡላ" አልኋቸው።

"ቡላ! እንዲህ አትለኝም ኖሯል? ቡላማ ከአገሬ ጀምሮ የማውቀው። ሂድ፣ እህል ቅመስ፤ ስትመለስ አልቆ ይጠብቅሃል።"

ካርቶኑ በቦርሳዬ፣ እኔም በደስታዬ ሄድሁ። ከከማል ጋር ምሳ በልተን ስንመለስ አቶ በላይነህ የጣሳውን ክዳን በኩራት ከፈቱ። ከላይ ሆኜ ብመለከት፣ ውስጡ አፈር የመሰለ ቡኒ ነው።

"አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ቡላ ነዋ!"

"ይሄማ አህያ ነው!"

"ታዲያ ቡላ አህያ አይተህ አታውቅም? አንተ የየት አገር ደገኛ ነህ?"

ከማል በሩ ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። "ያ ረቢ! ሸምሱ እኮ ጉራጌ ነው! ቡላ ያላችሁ የሚበላውን ነው፤ የእንሰቱን! አዲ፣ ነጩን!"

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በደጋው አገር ቡላ ማለት የአህያ፣ የውሻ፣ የበሬ መልክ ነው፤ አፈር የመሰለ። በእንሰት አገር ግን ቡላ ከእንሰት ተጨምቆ የሚወጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ ገንፎ ይሆናል። እኔና አቶ በላይነህ በአንድ ቃል ተስማምተን ነበር፤ የቃሉ ባለቤት ግን ጅማ ቀርቷል።

ከማል ወደ ገበያው ሮጦ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ጭብጥ ቡላ ይዞ መጣ። እኔም ካርቶኔን አወጣሁ። ጎን ለጎን ስናደርጋቸው ወንድማማቾች ናቸው። አቶ በላይነህ ከመደርደሪያው አንድ ጣሳ አወረዱ። ቀስ ብለውም "ሁለት ጣሳ ነጭ ነበረኝ። አንዱን አህያ አደረግሁት። የቀረው ይኸው ነው" አሉ።

ሳቃችን ቆመ። ይህን ካበላሸን አስቴር እሑድ የምትገባው ባለ ሦስት ግድግዳ ቤት ነው።

አቶ በላይነህ ነጩን ከፍተው ማማሰል ጀመሩ፤ ግን እንጨቱን አልጠረጉትም ነበር። ቡኒው በነጩ ላይ እንደ ክር ተስቦ ተጠቀለለና እየሳሳ ጠፋ። በጠፋበት ቦታ ነጩ ሞቅ አለ።

"ቆይ! አይንኩት!" ብዬ ጮኽሁ።

"ኧረ አንተም አየኸው?" አሉኝ። "አህያውን በማንኪያ እንጫነዋ!"

በሻይ ማንኪያ ጥቂት ጥቂት ጨመርን። በየመሐሉ ካርቶን ላይ ስስ አድርገን እየቀባን ደጅ አሰጣን፤ እርጥብ ቀለም ሲደርቅ ይለወጣልና ሳይደርቅ አይፈረድበትም። ሱቁ ውስጥም አልፈረድንም፤ ሰማያዊው ግድግዳ ሁሉንም ነገር ሰማያዊ ያደርጋል። አቶ በላይነህ ጣሳቸውን ታቅፈው ወንበራቸውን መንገድ ዳር አወጡ። ገበያተኛው ቆሞ ይፈርድ ጀመር። አንዱ "ወተት ነው" ሲል ሌላው "አሬራ ነው" አለ። ቅርጫት የተሸከሙ አንዲት እናት ግን ጎንበስ ብለው አዩና "በሬዳ!" ብለው አለፉ። ያማረ ነው ማለታቸው ነው። የደረቀውን ካርቶን ከእኔው ካርቶን ጋር ስናጋጥም መገናኛው ጠፋ።

"የተረፈውን አህያ ምን ያደርጉታል?" አልኋቸው ስሰናበት።

"የሱቄን በር እቀባበታለሁ። የጠየቀኝን ሁሉ የጅማ አስተማሪ ያዘዘው ነው እለዋለሁ" አሉ።

ጅማ

በመመለሻው መኪናው ቡና ተጭኖ ስለነበር እንደ እርጉዝ በቀስታ ሄደ፤ ጣሳው በጉልበቶቼ መሐል ነበር። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አቶ ሸምሱ ታሪኩን ሰምተው ብሩሻቸውን ጣሉት። "እኔ ገንፎ ብልክህ አንተ አህያ ልትነዳብኝ ነበር!" ሲስቁ ቆዩና ግድግዳውን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሳያቋርጡ፣ ሁለት ጊዜ ወፍራም አድርገው ቀቡት። የሁለት ፋብሪካ ቀለም አንድ ግድግዳ መሐል አይጋጠምም፤ ማዕዘን ላይ ሲገናኝ ግን ብርሃኑ ራሱ ስለሚለወጥ ትንሹ ልዩነት ይሸሸጋል አሉኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ለክፍሌም የሚሆን ነው። ሰው አንድ ቃል ሲነግረኝ "ገባኝ" ከማለቴ በፊት "አሳየኝ" እላለሁ፤ የያዝሁትንም ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳያለሁ።

እሑድ አስቴር ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በእልልታ ገባች። ቤቱን ከዚያ በፊት አላየችውም፤ አንድ ግድግዳ ማስቸገሩን ግን ሰምታለች። ሽፈራው የጃንሆይን ፎቶግራፍ ሆን ብሎ ጠረጴዛ ላይ ትቶታል።

"እስቲ የአጋሮው የትኛው ነው?" አላት።

አስቴር መሐል ቆማ ዞረች። የግራውን ጠቆመች።

"አይደለም!" አልን ሁላችን።

የቀኙን ጠቆመች። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። የሽፈራው ፊት በራ። እሷ ግን በዋዛ የምትሸነፍ አይደለችም። ቬሏን ሰብሰብ አድርጋ ግድግዳዎቹን በመዳፏ እየዳበሰች ዞረች። በበሩ ትይዩ ካለው ስትደርስ እጇ ተጣበቀ፤ ስታላቅቀው አምስት ጣቶቿ ከነመዳፏ ነጭ ሆነዋል።

"አገኘሁት!" ብላ እጇን ለእንግዳው ሁሉ ከፍ አደረገች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

አቶ ሸምሱ ግድግዳው ላይ የቀረውን የመዳፏን አሻራ ሊያጠፉ ብሩሽ ለማምጣት ሲነሡ ሽፈራው ክንዳቸውን ያዘ። "ይቀመጡ ጋሼ፤ እሱ የእሷ ነው" አላቸው።