አክስቴን ሙሾ ሳስተምር

እናቴ በታመመች ዓመት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ስሞት እህቴ ታልቅስልኝ፤ አደራሽን» ትለኝ ነበር። እህቷ፣ ታላቋ አክስቴ፣ በቆቦና በዙሪያው የታወቀች አልቃሽ ናት። ከሮቢት እስከ ዋጃ ሰው ሲሞት ይልኩባታል። ቆማ ሁለት ስንኝ ስታወርድ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅሳል። እናቴ ሞቱን ያን ያህል አልፈራችውም፤ የፈራችው ዝም ተብሎ መቀበርን ነው።

እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን እጽፍ ነበር። ትምህርቴ ሥነ ጽሑፍ ነው። ቅኝ አገዛዝ አፍሪካውያን የራሳቸውን ግጥም የሚያዩበትን ዓይን እንዴት እንዳበላሸ አንስቼ፣ የኛ ሙሾ በራሱ ሚዛን ይመዘን ብዬ ልከራከር ነው። ለዚህ ክርክር የያዝኩት ሚዛን ግን ፎቶ ኮፒ የተደረገ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። የነጮችን ሚዛን የሚያማርር፣ ግን በነሱው ቋንቋ፣ ለነሱው ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ መጽሐፍ። ቅኝ አልተገዛንም እያልኩ በገዛ ፈቃዴ ስገዛ አልታወቀኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

አክስቴን «ሙሾሽን ልቅዳው» ስላት ደነገጠች።

«አንች ልጅ፣ አመመሽ እንዴ? ማን ሞተና?»

«ለትምህርቴ ነው።»

«ያልሞተ ሰው ይለቀሳል? ያውም እናትሽ ተኝታ! ኧረ ሟርት አትጥሪብን!»

በኛ አገር ሙሾ በደህና ቀን ከአፍ አይወጣም፤ በሽተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ ነውር ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ያደግሁት። ግን የማስረከቢያው ቀን ደርሶብኝ ነበር። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በመጨረሻ «ትምህርቴ ሊቀር ነው» አልኳት። ይህችን አልቻለችም። ፊደል ስላልቆጠረች የቆጠረ ሁሉ የሚበልጣት ይመስላታል። ከቤት ርቀን ደረቁ የጎሊና ወንዝ አሸዋ ላይ ወረድን፤ ስልኬን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። እያማተበች፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ለሞተ አንድ ገበሬ ያለችውን እንዲህ ብላ ጀመረችልኝ፦

ወፉ ማሽላው ላይ ነው ተነስ ከእንቅልፍህ፣
ማማው ይጠራሃል ተሰቅሎ ወንጭፍህ።

የአክስቴ ሙሾ በአማርኛ ይጀምርና መሐል ላይ ትግርኛ ይገባበታል፤ አንዳንዴም ከአያቷ የሰማቻቸው የኦሮምኛ ቃላት ጣል ጣል ይሉበታል። የኛ የራያ ሰው እንዲህ ነው የሚያለቅሰው። እኔ ግን «ወጥ እንዲሆን» ብዬ ትግርኛውንም ኦሮምኛውንም አወጣሁት። አማካሪዬ ደግሞ ሐሳቡ ይደጋገማል አሉ፤ ዳር ላይም «ወፉ ምንን ይወክላል?» ብለው ጻፉ። አንድ ሳምንት አሰብኩበትና ወፉ ባዕድ ወራሪ ነው፣ ማሽላው ደግሞ ባህላችን ነው ብዬ አረፍኩ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ያከበርኳት መስሎኝ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ወረቀት ይዤ አክስቴ ግቢ ሄድኩና እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ወፉ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ግሪሳ እኮ ናት» አለች። «ግሪሳ ማሽላ ትበላለች። ሌላ ምን ታደርጋለች?»

ሳቅሁና እንደ ተማሪ አስረዳኋት። መደጋገም ድክመት መሆኑን ነገርኳት፤ ያወጣኋቸውንም ቃላት ነገርኳት።

«መጥፎ ሆነው ነው ያወጣሻቸው?»

«አይ፣ እንዲያምር ብዬ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ፊደሉን በጣቷ ዳሰሰችው። «እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር» አለች በመጨረሻ። ጥናቴ የደነቃት መስሎኝ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ደስታዬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጎብዬ ለቅሶ ሄድን። አክስቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች፤ አንድ ስንኝ ጀመረችና መሐሉ ላይ ቆመች። ተቀባዮቹ ደረታቸውን እየመቱ ጠበቋት። ሌላ ጀመረች፤ እሱንም ተወችው። የሟቹ የእናቱ ወገኖች ከአላማጣ የመጡ ነበሩ፤ ሟቹን በትግርኛቸው እስክትጠራላቸው ሲጠብቁ ቆይተው አንድም ቃል ሳይሰሙ ቀሩ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዛሬስ እንዴት ነበርኩ?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ስታለቅስ ማንንም እንዲህ ጠይቃ አታውቅም። ሰው ካለቀሰ ተሳክቷል፤ ሌላ ዳኛ አልነበራትም። አሁን ዳኛዋ እኔ ሆንኩ፤ እኔም የሰው አገር ሚዛን ተሸካሚ።

«ያልኩሽን ሁሉ እርሺው፤ እንደ ድሮሽ በይ» ብዬ ስንቴ ለመንኳት። እሺ ትለኛለች። ግን ገና አፏን ስትከፍት ዓይኗ እኔን ይፈልጋል። በለቅሶ ላይ እንዳታየኝ መቅረት ጀመርኩ፤ እሱም አልረዳትም። ቀስ በቀስ የሚልኩባት ሰዎች ቀነሱ።

ወሬው እናቴ አልጋ ድረስ ደረሰ። «የእህቴ ድምፅ ተዘጋ የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ጉንፋን ነው።»

«እሰይ። እኔ እስክሞት ይሻላታል» አለች፤ ከልቧ ተጽናናች።

እናቴ ያረፈችው ፀሐዩ በጠናበት በግንቦት ነው። ግቢው በሰው ሞላ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ለአክስቴ ቦታ ለቀቁላት፤ እህቷ ናትና ሌላው ቢቀር ዛሬ ይመጣላታል ብለው ነው። እኔም ያንኑ ተስፋ አድርጌ ነበር። ክቡ መሐል ቆመች። «እህቴ» አለች። ጠበቅን። «እህቴ» አለች ደግማ፤ ወዲያው የተሳሳተች ይመስል አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ ክቡን አቋርጣ ወደ እኔ መጣች።

«በልጅነታችን ልጥራት ወይስ በሕመሟ? የቱ ይሻላል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አክስቴ፣ እንደመጣልሽ በይው።»

«አይመጣም እኮ።»

እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና እንደ ማንኛውም ሰው ማልቀስ ጀመረች። ካህናቱ ሰዓቱ ደረሰ አሉ። እናቴን ያለ ሙሾ ቀበርናት።