ከብርድ ልብሱ ስር

ተማሪዎቿ “እትዬ ቀስ” ይሏታል። የልዩ ፍላጎት ክፍል መምህርት ናት፤ “ቀስ” የሚለው ቃል ከአፏ አይጠፋም። እናቷ፣ “ስትወለጂም ቀስ ብለሽ ነው የመጣሽው፣ ወገቤን ቆርጠሽ” እያሉ ይስቁባታል።

ከክፍሏ ጥግ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ምንጣፍ አንጥፋለች። በየኪሱ አሸዋ ሞልታ በእጇ የሰፋችው ከባድ ብርድ ልብስም አለ። ጩኸት የሚያስጨንቃቸው፣ ብርሃን የሚወጋቸው ልጆች እዚያ ገብተው ይረጋጋሉ።

ዘንድሮ አንዲት ቃል የማይወጣት ልጅ መጣች። ደወል ሲጮህ ጆሮዋን ይዛ ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። መምህርቷ፣ “ግድግዳውን በመዳፍሽ ግፊው፣ በርቺ! አሁን ብርድ ልብሱን ልበሺ። ሾርባ እንደምታበርጂ እፍ በይ” እያለች አስተማረቻት። ልጅቷም ቶሎ ለመደች።

አንድ ረፋድ ልጅቷ ደወል ሳይደወል ተነሳች። ብርድ ልብሱን ጎትታ ባዶው ምንጣፍ ላይ ዘረጋችው። አጠገቡ ተንበርክካ መታ መታ እያደረገች እፍ ትል ጀመር። መምህርቷ ጨዋታ መስሏት ፈገግ አለች። በማግስቱም ያው ሆነ።

“እትዬ፣ የብርድ ልብሱ መሃል ከፍ አላለም?” አለች ረዳቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

“አሸዋው ተሰብስቦ ይሆናል።”

ገለጠችው፤ ምንም የለም። ምንጣፉ ግን ሰው አሁን እንደተነሳበት አልጋ ይሞቃል።

የግቢውን ሽማግሌ ጥበቃ ጠየቀቻቸው። “አባባ፣ ይሄ ክፍል ድሮ ምን ነበር?”

ዙሪያቸውን ቃኙ። “መጋዘን ነበር ይሉሻል። የሚረበሹ ልጆች እስኪበርድላቸው የሚቆለፍባቸው እዚህ ነበር። አንዱማ... በቃ ልጄ፣ ተይኝ።”

በነጋታው ምንጣፉን ልታነሳ ቆርጣ ገባች። ልጅቷ ቀድማት ተንበርክካለች። ብርድ ልብሱ አልቅሶ እንደደከመ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ረዳቷ ሌሎቹን ልጆች ሰብስባ ወጣች። መምህርቷም መሸሽ አማራት፤ ልጅቷን ግን ብቻዋን መተው አልሆነላትም። ተንበርክካ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ ጫነች። ከስሩ ትንሽዬ ትከሻ ነካች።

“ቀስ... አይዞን።”

ሁለቱ እፍ ሲሉ ከስር ሦስተኛ ትንፋሽ ተከተላቸው። እየቆየ ረገብ አለ። ከዚያ ብርድ ልብሱ ከእጇ ስር ሟሽሾ ከወለሉ ጋር እኩል ሆነ።

“ተኛ” አለች ልጅቷ።

የልጅቷ እናት ልትወስዳት ስትመጣ መምህርቷ፣ “ልጅሽ ዛሬ ተናገረች” አለቻት።

እናት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። “እሰይ! ምን አለች?”

“ተኛ አለች።”

“ማን?”

መምህርቷ ጎንበስ ብላ የልጅቷን የጫማ ክር ማሰር ጀመረች።