ጃንጥላው መሬት እስኪነካ

መጀመሪያ የጠየቀችው ጥያቄ «ማን ነው ያጠፈው?» የሚል ነበር።

ልጇ ሳቁ አመለጠው። ታብሌቱን የስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ጌሙን እያስተማራት ነበር። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ መቶ ሰው በአንድ አውሮፕላን ተጭኖ ደሴት ላይ ይዘላል፣ መሬት ሲደርስ መሣሪያ ለቃቅሞ ይታኮሳል፣ መጨረሻ ላይ ቆሞ የተገኘ ሰው ወይም ቢበዛ ባለ ሦስት ሰው ቡድን ያሸንፋል። ከሰማይ እስከ መሬት የሚያደርሰው በጀርባው የተሸከመው ክንፍ ነው። ክንፍ ይባል እንጂ ጨርቅ ነው፤ ሲከፈት ከራስ በላይ ተወጥሮ ሰውየውን እያንሳፈፈ ወደፈለገው ይወስደዋል። እሷም ዓይኗን ከዚያ ጨርቅ ላይ አላነሳችም።

«ማንም አላጠፈውም እማዬ፤ ጌም ነው እኮ።»

«ካልታጠፈ በምን ይከፈታል?»

«ይቺን ስትነኪ ይከፈታል። ባትነኪም መሬት ስትቃረቢ ራሱ ይከፈታል።»

«ራሱ!» አለች፣ የሰማችው ነገር እንዳስቀየማት ሁሉ። «ራሱ የሚከፈት ነገር የለም ልጄ። ራሱ ተከፈተ የሚባለው ያጠፈችውን ሴት ሰው ሲረሳት ነው።»

ከክንፎቹ ዓይነት ምረጪ ቢላት፣ ነበልባል የተሳለበትንም ባለ ቀስተ ደመናውንም ገፋ ገፋ አድርጋ ምንም የሌለበትን ነጭ መረጠች። ቀለም ቀዳዳ ይደብቃል አለች።

እውነቷን ነው። ሰፈሩ ሁሉ «አጣፊዋ» የሚላት ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጃንጥላ ስታጥፍ ስለኖረች ነው። የዝናቡን አይደለም፤ ሰው ከአውሮፕላን የሚዘልበትን። የሚያጥፉበት አዳራሽ ጠረጴዛዎች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጉ፣ ጨርቅ ሲጎተትባቸው ኖሮ እንደ መስታወት መልክ የሚያሳዩ ነበሩ። ዳር ላይ፣ እጥፋቱ እንዳይላቀቅ የሚጫኑት የአሸዋ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው መዳፍ የሚያክሉ። አንድ የማይሻር ሕግ ደግሞ ነበር፤ የምታጥፍ ሴት አትጠራም። ስሟን የጠራ፣ ሰላም ያላት፣ «ሻይ ደርሷል» ያላት ሰው ካለ፣ የደረሰችበትን ሁሉ ዘርግታ ከመጀመሪያው እጥፋት ትጀምራለች። ሐሳብ ሲከፈል እጅ አንድ እጥፋት ይዘላል፤ እዚህ የተዘለለ እጥፋት ደግሞ እዚያ ላይ የሰው ነፍስ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ ኃላፊ ተሾመና በሩን ከፍቶ በደስታ «እንደምን አደራችሁ!» አለ። አሥራ አንዱ ሴቶች ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የጠዋት ሥራቸውን በሙሉ ፈቱት። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በእግሩ ጣት ነው የገባው።

ታዲያ እነዚህ ሴቶች መቼ ያወራሉ? የዝላይ ቀን።

የዝላይ ቀን ሁሉም ወጥተው ከሜዳው ዳር ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። ዘላዩ ከአውሮፕላኑ በር ሲወጣ እያንዳንዷ በሆዷ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቧ ብሎ ሲከፈት ትተነፍሳለች። የመጨረሻው ጃንጥላ እስኪከፈት ትንፍሽ የምትል የለችም። ከተከፈተ በኋላ ግን ጉድ ነው! የአሥራ አንዱም አንደበት በአንድ ጊዜ ይፈታል። የታጨችው መታጨቷን የምትናገረው ያኔ ነው፣ የተኳረፉትም የሚታረቁት ያኔ ነው። የመጨረሻው ዘላይ እግሩ መሬት ሲነካ ወሬው ባለበት ይቆማል፤ ጨርቅ ሰብስቦ ወደ አዳራሽ፣ ወደ ዝምታ። ለአንድ ዝላይ አራት ደቂቃ ቢገኝ ነው። የአንዲቱ ሴትዮ የአማቷ ታሪክ ብቻ ዘጠኝ የዝላይ ቀን ፈጅቷል።

ልጇ ትምህርት ሲዘጋ አብሯት ይመጣ ነበር። ሣሩ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ፣ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጎ፣ ነጫጮቹን ይቆጥራል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሰማዩ በጃንጥላ በተሞላበት አንድ ቀን፣ ፀጉሩን እየደባበሰች «የአባትህ ሕመም የሚድን አይደለም» አለችው። ቤት ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ አልወጣ ያላት ቃል ነው። «መቼ ነው?» አላት፤ ነገረችው። «ያመዋል?» አላት፤ እሱንም ነገረችው። የመጨረሻው ዘላይ ሲያርፍ ልጁ አፍንጫውን በሥራ ልብሷ እጅጌ ጠርጎ ነበር፣ ጨርቅ መሰብሰቡንም አገዛት።

ያ ልጅ አደገና የሊፍት ጥገና ባለሙያ ሆነ። ሌላ ከተማ ረጃጅም ሕንፃዎች ሲበዙ ሥራ አገኘና «ሁለት ዓመት ብቻ እማዬ፣ ከዚያ ክፍሌን መልሽልኝ» ብሎ ሄደ።

ስልክ የሚሉት ነገር ደግሞ ለእሷ አልተፈጠረም።

«በላሽ?»

«በላሁ። አንተስ?»

«በላሁ። ብርድ አለ?»

«የለም።»

«በይ እሺ።»

«እሺ።»

የምትለው ሁሉ የሚመጣላት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ፍርሃቷ አንድ ነበር፤ ይህ «በላሽ፣ በላሁ» እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ብጥስ እንዳይል። እሱም ሳይፈራ አልቀረም፤ ለእረፍት ሲመጣ ታብሌቱን ይዞ የመጣው ለዚሁ ነው። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ እሱ ከዚያ እሷ ከዚህ፣ ማዳመጫ በጆሯቸው፣ አብረው ሊዘሉ ተስማሙ።

የመጀመሪያው እሑድ ከአውሮፕላኑ በር እንደወጣች ክንፏን ከፈተችው። ሌላው ሁሉ ጊዜ ለማትረፍ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፣ ቤቶቹ ጣሪያ አጠገብ ሲደርስ ብቻ ይከፍታል። እሷ ግን ከደመናው ጋር ቀረች። ልጇም ብቻዋን እንዳትቀር ከጎኗ ከፈተ። ከበታቻቸው ባሕሩ፣ መንደሩ፣ የመብራት ማማው ቀስ እያለ ያልፋል። ያን ጊዜ ነው አንደበቷ የተፈታው። ጉልበቷ ደረጃ ላይ እንደሚያስቸግራት፣ የጎረቤታቸው የውኃ ጋን ፈንድቶ የሰውየው አልጋ በረንዳ ላይ እንደዋለ፣ የአባቱን ኮት አውጥታ ፀሐይ እንዳስመታችው፣ ሁሉን አንድ በአንድ ነገረችው። እሱም አለቃው እንደሚያንኮራፋ፣ ከሊፍት ጣሪያ ላይ ሆኖ የሰው ሐሜት ሁሉ እንደሚሰማው አወጋት። ሲያርፉ ሁለቱንም አንዱ ከመስኮት ጥይት አርከፍክፎ ጣላቸው። እንዲህ ስቀው አያውቁም።

በዚሁ ሁለት ወር ሄደ። ከዚያ ሰባተኛው ፎቅ መጣ።

ሰባተኛው ፎቅ የልጇ የሥራ ባልደረባ ነው። ሥራ በጀመረ ሳምንቱ ሊፍት ሲጠግን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶበት ግማሽ ቀን ስለዋለ ስሙ በዚያው ቀረ። ጨዋታ አዋቂ፣ አፈ ጮሌ፣ መሸነፍ የሚያንገበግበው ሰው ነው። ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ቡድኑ ቡድን መሰለ። ልጇም ሳያስበው ከእሱ ጋር እንደ ድንጋይ መውረድ ጀመረ፤ እሷ ላይ ላይዋን ብቻዋን ትንሳፈፋለች።

«እትዬ፣ የት ደረሱ?»

«እየመጣሁ ነው የኔ ልጅ።»

«እርስዎ ሲደርሱ እኮ እኔ ሞቼ፣ ተቀብሬ፣ ሐዘንተኛው ተበትኗል!»

«ታዲያ ማን ቸኩል አለህ?»

ይስቃሉ። አንድ እሑድ ግን ጨዋታው አልቆ ማይኩን ሳይዘጉ፣ ሰባተኛው «ስማ፣ እትዬን እወዳቸዋለሁ። ግን የመጋዘን ክፍሏ ልጅ ዒላማ አትስትም። እሷን እናስገባና እትዬ ይዩን» ሲል ሰማችው። ልጇም «እስቲ እማዬን አንድ ሳምንት እንያት» አለ።

ሰባተኛው ባለው አልተቀየመችም። የልጇ «እስቲ» ግን ሆዷ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ከዚህ ጨዋታ ከወጣች የሚቀራት ያ «በላሽ፣ በላሁ» ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ብቻዋን ልምምድ ጀመረች። ቀኝ አውራ ጣቷ አሻፈረኝ አለ፤ ከበሩ ስትወጣ ሳታዝዘው ሄዶ ይከፍታል። ማክሰኞ እጇን ሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት፤ አሾልኮ ወጣ። ረቡዕ ከመሳቢያ ውስጥ ጡረታ ስትወጣ ለመታሰቢያ ያስቀረቻትን የአሸዋ ከረጢት አውጥታ ቀኝ እጇ ላይ ጫነችው። እጥፋት አደብ ያስገዛ ከረጢት ጣትም አደብ ያስገዛል ብላ ነው። ዓይኗን ጨፍና ወደቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስት የሚባል ቁጥር በሕይወቷ ቆጥራ አታውቅም ነበር፤ ከአራት በኋላ ያለው የሚጠራው ለአምቡላንስ ነው። አምስት አለች። ስድስት አለች። ላብ አጠመቃት። አሥራ አንድ ላይ ክንፉ ራሱ ተከፈተና መሬት ላይ ቆማ ተገኘች። «ማነሽ ያጠፍሽው፣ እጅሽ ይባረክ» አለች ለማታውቃት ሴት።

እሑድ ደረሰ። ሦስቱም እንደ ድንጋይ ወረዱ፣ ሦስቱም አንድ ጣሪያ ላይ አረፉ።

«እትዬ?!» አለ ሰባተኛው። «እርስዎ ነዎት ወይስ ሰው ተክተዋል?»

«ዝም በልና መሣሪያ ፈልግልኝ።»

ከዚያ በኋላ ወሬ አልነበረም። በስተግራ! ጎንበስ በይ! ጥይት አለሽ? አለኝ። ሩጪ! ሩጥ! መጨረሻ ላይ ከመቶው ሰው የቀሩት እነሱ ሦስቱ ብቻ ሆኑ። አሸነፉ። ሰባተኛው ጮኸ፣ ጎረቤቶቹ ግድግዳ እስኪደበድቡበት ድረስ።

«ይሄ እጅ ይሳም! እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመጋዘኗን ልጅ አላውቃትም!»

እሷም ሳቀች። ጫጫታው ጋብ ሲል የልጇ ድምፅ መጣ።

«እማዬ…»

«ወዬ።»

«ምንም። ጎበዝ ነሽ።»

ይህቺን «ምንም» ታውቃታለች። አፉ ላይ የደረሰ ነገር ሲመለስ የሚተዋት ናት። አጣፊዋ የስኳር ቆርቆሮውን አየች፣ የአሸዋ ከረጢቱን አየች። ከምሳ ጀምሮ ከልጇ ጋር ስንት ቃል ተለዋወጠች? በስተግራ፣ ጎንበስ፣ አለኝ። ቦታዋን አስከበረች ብላ፣ ልጁ የሚናገርባትን ሰማይ ራሷ ዘጋችበት ማለት ነው።

«አንድ እንድገም!» አለ ሰባተኛው። «እንደ ቅድሙ! ማንም እንዳይከፍት!»

አውሮፕላኑ ባሕሩን አቋረጠ። እሷ ከረጢቱን ከእጇ አነሳችና ከቆርቆሮው አጠገብ አስቀመጠችው። በሩ ተከፈተ። ዘለለች። ቧ።

«እትዬ! ኧረ በሞቴ! ምን ነካዎት?»

ሁለቱ ከእግሯ ሥር ነጠብጣብ እስኪሆኑ ወረዱ። በሆዷ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ልጇ ካልከፈተ ካልከፈተ ነው፤ ለመጋዘኗ ልጅ ቦታውን ልልቀቅ። ሦስት። እሱም ቢሆን የሚያሸንፈውን ቡድን ቢመርጥ ምን ይፈረድበታል? አራት።

ከበታቿ፣ በስተቀኝ፣ አንድ ነጭ ክንፍ ተወጠረ። ቀስ እያለ ዞሮ ወደ እሷ አቅጣጫ መጣ።

«ለምን ከፈትክ?» አለችው።

«አንቺስ?»

«እኔማ አመሌ ነው።»

ክንፉን ከክንፏ ጎን አደረሰ። ከዚያ «እማዬ፣ የጥገናው ኃላፊ አደረጉኝ» አላት። «የአራቱም ሕንፃ።»

«እሰይ የኔ ጌታ።»

«እሱ አይደለም። ሁለት ዓመት ብዬሽ ነበር። አልመለስም እማዬ። አሁን ሳይሆን… እንጃ፣ የምመለስ አይመስለኝም።»

የመብራት ማማው በእግሯ ሥር አለፈ። በዚህ ወር ክፍሉን ቀለም ልታስቀባለት፣ ባለሙያውን ነግራ፣ አልጋውን ከግድግዳ አርቃ ነበር። ይህንኑ ነገረችው።

«ምን ቀለም?»

«ነጭ ነዋ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። እሷም አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ገና ከፍ ያሉ ናቸው፤ ጊዜ አለ።

«ቀለሙን ይቀባ» አለች። «ስትመጣ የምታድርበት ነው። አሁን ግን የምትኖርበትን ንገረኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ጠይቄህ አላውቅም። አልጋህ በየት በኩል ነው? መስኮትህ ወዴት ያያል?»

«መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው። አንድ ሴትዮ አለች፣ ጠዋት ጠዋት አንሶላ ታሰጣለች። ነፋስ ሲገባበት…»

«ሞትኩ!» አለ ሰባተኛው ከታች። «ብቻዬን! ሦስት ሆነው! ሰማችሁኝ?»

«ነፍስ ይማር» አለችው። «ነፋስ ሲገባበት ምን?»

«ይነፋል እማዬ። የእናንተን ሜዳ ይመስላል። ሳየው እቆጥራለሁ።»

እግራቸው የባሕሩን ዳርቻ አሸዋ ነካ። በደንቡ ከሆነ እዚህ ጋ ወሬ ያበቃል። እሷ ግን «ስንት ነው የምታሰጣው?» አለች፣ እሱም ይቆጥርላት ጀመር፣ መሣሪያ የሚፈልግ አልነበረም። ከድንጋይ ጀርባ አንዱ ወጥቶ ሁለቱንም ዘረራቸው። ስክሪኑ ግራጫ ሆነ።

«ሞታችኋል እኮ!» አለ ሰባተኛው። «ሁለታችሁም ሞታችኋል! አሁን ምን ታወራላችሁ?»

«አንተ ደግሞ ጸጥ በል» አለች አጣፊዋ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እያስተካከለች። «አንሶላው ላይ ነን።»