ቁልፉ ያለው ሰው

ነርስ ናፉላ፣ በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ ባለው ሆስፒታላቸው ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የሚመጣውን ሽማግሌ ስም እንኳ አታውቅም። የኔትወርክ ሳጥኑን ቁልፍ በሰማያዊ ገመድ እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አስሯል። ዛሬ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ሰው የጭንቅላት ምስል ናይሮቢ ላለው ሐኪም አልደርስ ብሏል። ሽማግሌው አንዱን ገመድ ነቅሎ እፍ አለበትና መልሶ ሰካው። ምንም ለውጥ የለም።

«አባባ፣ አንድ ነገር ያድርጉ እንጂ!» አለችው ናፉላ።

«ልጄ፣ ድሮ ለእያንዳንዱ ሳጥን መረጃው የሚሄድበትን መንገድ የማሳየው እኔ ነበርኩ። አሁን ሁሉንም የሚያዘው ናይሮቢ ያለ አንድ ፕሮግራም ነው። እኔን አይሰማኝም።»

ሽማግሌው ወደ ናይሮቢ ደወለ፤ «ተራዎን ይጠብቁ» የሚል የተቀዳ ድምፅ መለሰለት። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አግዳሚው ላይ፣ ከተጎጂው ሚስት አጠገብ ተቀመጠ።

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው አይደል?» አለችው ሴትየዋ አንገቱን እያየች።

ቁልፉን ቀስ ብሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው።