ታምሩን የገደለው ሞተሩ አይደለም

"ታምሩ አረፈ" ሲሉኝ "የትኛው ታምሩ?" አልኩ። ሌላ ታምሩ አላውቅም። የትኛው እንደሆነ እስካልተነገረኝ ድረስ እሱ አይሆንም ብዬ ነው መሰለኝ።

ሃሪ ሪድ ኤርፖርት ዊልቸር የምንገፋው ሁሉ ዛሬ እርስ በርስ መተያየት አቅቶን ነው የዋልነው። ሦስት ጊዜ ስልኩ ላይ ደወልኩ። ይጠራል።

"ሞተሩ ነው አይደል?" እያላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አይደለም። ታምሩ ሎን ማውንቴን ከሚከራይበት ቤት እንኳ አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ልቡ ቆመ። ሞተሩ እዚያው ቤት ጋራዥ ውስጥ ሽፋኑን እንደለበሰ ነው።

ይህን የምጽፈው ለወሬ አይደለም። ግሪን ቫሊ የሚኖሩት ታላቅ እህቱ እትዬ ሙሉ፣ እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት፣ በሞተሩ ምክንያት ሁለት ወር ሙሉ አኩርፈውት ነበር። ዛሬ መርዶ ሊነግሯቸው የሄዱት ሽማግሌዎች ደግሞ ሳያጣሩ "ያው ሞተሩ ነው" ብለዋቸዋል። በተጣሉበት ነገር ወንድማቸው የሞተ መስሏቸው ነው ሲያለቅሱ ያረፈዱት።

ለኩርፊያው ምክንያቱ እኔ ነኝ።

ከሁለት ወር በፊት ታምሩ ትራክ ዴይ እሄዳለሁ አለኝ። ውድድር አይደለም። መኪና በማይገባበት የመወዳደሪያ አስፋልት ላይ አስተማሪ እያየህ ሞተርህን የምትነዳበት ቀን ነው። የሱ ሞተር ለረጅም ጉዞ የተሠራ ነው፤ ከባድ፣ ከፊቱ የንፋስ መከላከያ ያለው፣ ግራና ቀኝ ሳጥን የተገጠመለት። ሳጥኖቹ ትራክ ውስጥ ስለማይፈቀዱ ምሳችንን ይዘው በእኔ መኪና ሄዱ። ሌሎቹ ቀጫጭን የእሽቅድምድም ሞተሮቻቸውን በፒክአፕ ጭነው መጥተዋል። ሞተሮቹን የሚፈትሸው ሰውዬ የታምሩን አየና ድንኳንህስ የታለ ብሎ ቀለደበት። ታምሩም ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ከደከመኝ መሀል ላይ እተክለዋለሁ አለው።

ወደ ኋላ እንዳያይ ስፖኪዮውን በቴፕ አሸፈኑት። ታምሩ ግን ታምሩ ነው። ከኋላው የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ዞር እያለ፣ ወደ ዳር እየወጣ፣ በግራ እጁ ይለፉ ይላል። በር ላይ ትልቅ ሰው እንደሚያስቀድም። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው እያልኩ ነበር።

ሲወጣ አንዲት ሽበታም አስተማሪ እየሮጠች መጣች። ከኋላህ ያለው ሰው ወዴት እንደምትሄድ ካላወቀ ይገጭሃል፣ መስመርህን ይዘህ ንዳ፣ ማለፍ የሱ ሥራ ነው ብላ ተቆጣችው። ታምሩ እናቱ እንደምትቆጣው አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እታለም፣ እዚህ ጨዋነት ሰው ያስገድላል" አለኝ።

አባባሉ ሆኖ ቀረ። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይዤ ለመጪው ለሂያጁ ሁሉ ስቆም ከኋላዬ "መስመርሽን ያዢ እታለም፤ የቸኮለ ራሱ ያልፋል" ይለኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ምን አስጨነቀህ በዚህ ዕድሜህ አልኩት።

"ለሙልዬ ነው" አለኝ። "ፍሬን አያያዝ በደንብ ከተማርኩ፣ በወጣሁ ቁጥር መጨነቋን ትተዋለች። እኔው ራሴ ቁጭ አድርጌ ነው የምነግራት።"

እኔ ደግሞ ቤት እንደገባሁ ፎቶውን እዚሁ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። የቆዳ ልብሱን ለብሶ፣ ሄልሜቱን ታቅፎ። ደስ ብሎኝ ነው። እሱ ሳይነግራቸው እትዬ ሙሉ አዩት። ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሱለትም።

ይቅርታ ስጠይቀው "ፎቶውስ ያምራል። ሲበርድላት ላኪልኝ ትልሻለች" ብሎ ሳቀ። ግን ሥራ ላይ በየእረፍት ሰዓቱ ስልኩን ያይ ነበር።

ዛሬ ሱፐርቫይዘሬን አስፈቅጄ በቀጥታ ግሪን ቫሊ ሄድኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሰው መሀል መናገር አይሆንልኝም። አጠገባቸው ተንበርክኬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ልቡ እንደሆነ። ሞተሩን እንዳልነካው። አብሮት የሚከራየው ሰው አልጋው ጫፍ ላይ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ እንዳገኘው። ትራክ የሄደው እሳቸው እንዳይፈሩለት ብሎ እንደሆነ፣ እዚያም ሰው ሁሉ ሲቀድመው እንደዋለ። ፎቶውን የለጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ።

ማልቀሳቸውን አቆሙ። እጄን ያዙኝ።

"ጫማውን የሚያደርገው ወዴት ሊሄድ ነበር?" አሉኝ።

ምን ልላቸው እንደፈለጉ ዓይናቸው ላይ አየሁት። ዛሬ የአራት ሰዓት ሺፍት ነበረን።

"ወደ ሥራ" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ። እጄን ግን አልለቀቁም።

ታምሩዬ፣ "ወደ እርስዎ ሊመጣ ነበር" ብላቸው ምን ነበረበት? እስካሁን ይኸው ነው የሚያብሰለስለኝ። አንተ አታውቅም እንጂ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አንተኑ ልጠይቅህ ስልኬን አንስቼ ነበር።

ስወጣ በሩ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። ያን ፎቶ ላኪልኝ አሉኝ። ላክሁላቸው።

ሂድ እንግዲህ ወንድሜ። እህትህ አኩርፋህ አይደለም የምትሸኝህ።