የህዋሱ አባላት

ጉለሌ፣ በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብ ሽታ ነው። አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና በምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። በእርሾ አልኳቸው። አላመኑኝም።

እውነቴን ነበር። የአልኮል ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። በውይይት ክበብ ስለ ምርት ተናገር ተብዬ፣ «ህዋሶቹ አየርና ምግብ ካገኙ ይባዛሉ፤ አየር ሲያጡ ስኳሩን አልኮል ያደርጉታል» አልኩ። ስለ እርሾ ነበር የማወራው። በዚያ ዘመን ግን ህዋስ ሲባል ሰው የሚሰማው የድብቅ ድርጅት ቡድን ብቻ ነው። ማታውኑ መጥተው ወሰዱኝ።

መርማሪው የህዋሱን አባላት ስም ጠየቀኝ። በጥፊ ሲለኝ የእርሾውን ሳይንሳዊ ስም፣ «ሳካሮማይሲስ» አልኩት። ጻፈ።

«የአባት ስም?»

«ሰረቪዚዬ።»

እሱንም ጻፈ። ቀበሌውን ሲጠይቀኝ ግን ሳቄ አመለጠኝና ሁለተኛ ጥፊ አስከተለብኝ። ያኔ እርሾ መሆኑን እዚሁ ላሳየው እንደምችል ነገርኩት። ፈቀደ። ካልሆነልኝ ግን ላቦራቶሪ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ አስመጥቶ እንደሚመረምራት አስጠነቀቀኝ።

ብልክባት እናቴ ከስንቁ ጋር ከቀበሌ በራሽን ያገኘችውን ስኳርና ጥቂት እርሾ ላከችልኝ። በሁለት ጠርሙስ በጠበጥኩት። አንዱን በቡሽ ደፈንኩ፤ ሌላውን አየር እንዲገባው እስረኞቹ በየተራ አወዛወዙት። ጠብ የሚል ነገር የለም። እርሾ በስኳር ብቻ እንደማይጠግብ እያወቅሁ ከፍርሃት የተነሳ ረስቼው ኖሯል! ብቅል አስልኬ ጨመርኩ።

ከዚያማ ክፍሉ በሙሉ አበደ። ለማወዛወዝ ሰልፍ ተያዘ፤ አዛውንቱ ጆሯቸውን ጠርሙሱ ላይ ለጥፈው ያወራል፣ ያወራል ይላሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቡሹ ተፈናጥሮ ጣሪያውን ሲመታ ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባብሎ ገባ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ።

መርማሪው መጥቶ አየ። በተወዛወዘው ጠርሙስ ሥር እርሾው ወፍሮ ተኝቷል። ከተደፈነው ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ገባኝ» አለ። «ግን እኔም አለቃ አለኝ፤ ባዶ እጄን አልሄድም። ልጅቷ አባል ናት በልና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«እርሾ የምታራባ ልጅ ናት፤ ሌላ የማውቅባት ነገር የለም» አልኩት። ጠርሙሶቼን አነሳሁና ማንም ሳይገፋኝ በራሴ እግር ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ክረምቱ ወጥቶ ሌላ ክረምት እስኪገባ እዚያው ነበርኩ።

ያቺ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። አዲሱ ገበያ ስንገናኝ ሁሌም ይገርማታል። «አንተን ያን ያህል ሲያቆዩህ፣ እኔን እኮ አንድም ሰው ምንም አልጠየቀኝም» ትለኛለች። ዕድለኛ ነሽ እላትና ዘንቢሏን ተቀብያት እስከ ታክሲው እሸኛታለሁ።